በእጅ የያዙት ወርቅ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ባልና ሚስት ኑሮ ነው። ዛሬ ግን ስለ ዘማሪዎች ልጽፍ ተነሥቻለሁ። “ዘማሪንና ትዳርን ምን አገናኛቸው?” የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ፤ እኔም መገናኘታቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ሶዶ ከተማ፣ በእኛ ቤት ሳሎን ነው። የአጥቢያችን የኮንፈረንስ አዘጋጅ ኮሚቴ አምስት አባላት አሉት፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በዳሞታ በኩል ጠቁሮ ስለ መጣ፣ ለመንገድ ቅርብ ወደ ሆነው ወደ እኛ ቤት ገባን። ባለቤቴ የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ አቀረበች፤ ቡናም ተፈላ። አጀንዳው አንድ ነበር፦ ከአዲስ አበባ ዘማሪ እንጥራ ወይስ አንጥራ?

የወጣቶች ተወካይ የሆነው ወንድም የአንድ ስመ ጥር ዘማሪ ስም አነሣ። ጉዳዩ የእርሱ ጉዳይ ስላልሆነ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ለትራንስፖርት፣ ለማረፊያ፣ አብረውት ለሚመጡት ሙዚቀኞችና “ለፍቅር ስጦታ” የሚያስፈልገው ሲደመር፣ አጥቢያችን በገጠር ላሰማራቻቸው ሁለት ወንጌላውያን በዓመት ከምትሰጠው ድጋፍ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ቤቱ ለጊዜው ጸጥ አለ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ “ልጆቼ፣ ይህ ልጅ አይዘምርም አላልኩም። ነገር ግን ስሙ ከመዝሙሩ በልጧል። ድሮ የሚመጣልን መዝሙር ነበር፤ ዛሬ የሚመጣልን ዘማሪ ነው” አሉ።

ወጣቱም በአክብሮት መለሰላቸው፦ “አባባ፣ ሰው የሚወደው እኮ ስለ ባረከው ነው። ባይባረክበት ኖሮ ማን ያዳምጠው ነበር? በእርሱ መዝሙር ተጽናንተው ያደሩ ልጆች በዚህ ከተማ እንዳሉ አውቃለሁ። ‘ተካብዷል’ ማለት ቀላል ነው።”

ገንዘብ ያዥዋ እህት ደግሞ፣ “እኔ ስለ መዝሙሩ አልከራከርም። ወንጌላውያኑ ግን ልጆች አሏቸው” ብላ አጭር ነገር ተናገረች።

ከሁሉም በላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ዘማሪዎች ከሚገባቸው በላይ እንደ ተወደሱ፣ ድምፁን የሚያሳምረው መሣሪያ እንደ ሆነ፣ ግጥሙ ሁለት መስመር ተደጋግሞ እንደሚያልቅ፣ መብራቱና ማስታወቂያው ቢነሣ የሚቀር ነገር እንደሌለ አስረዳሁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ ደስ አለኝ። በመጨረሻም ለአንድ ሳምንት እንጸልይበት ተባብለን ተለያየን።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች፣ “ስለ ዘማሪዎች ብዙ ታውቃለህ” አለችኝ። “እናትህ ባረፉበት ሌሊት ማን እንደ ዘመረ ግን ታስታውሳለህ?”

አስታወስኩ። እናቴ ያረፈች ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ግቢው ውስጥ እሳት ተለኩሶ እናቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። ባለቤቴ በወላይትኛ አንድ ስንኝ ታወጣለች፣ እነርሱም ይቀበሏታል፤ ደግማ ታወጣለች፣ ይቀበሏታል። ኪቦርድ የለ፣ ማጉያ የለ። ሲነጋ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሌሊት እኔ ያልወደቅኩት በዚያ ዝማሬ ተደግፌ ነው። ይህን እያወቅኩ ግን በማግሥቱም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን “አመሰግንሻለሁ” ብያት አላውቅም። የዚያን ዘማሪ አልበሞች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መቁጠር እችላለሁ።

“ያን ወንድም ከሚገባው በላይ ተመሰገነ ብላችኋል፤ ይሁን” አለችኝ። “ከሚገባው በታች የተመሰገነውንስ ማን ይቁጠረው?”

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት መጽሐፍ ቅዱሴንና የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ገለጥ ገለጥ እያደረግኩ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ጭብጨባ ሚዛን አይሆንም

“እገሌ ከልክ በላይ ተመሰገነ” የሚለው ሙግት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1ሳሙ. 18፥6-9 የእስራኤል ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጥተው ሲዘፍኑ ለሳኦል የሰጡት በሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ለዳዊት ግን በዐሥር ሺህ የሚቆጠር ሰጡ። ሳኦል ልዩነቱን አሰላ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ያየው ጀመር። ልብ በሉ፤ ሳኦል ንጉሥ ነበር፣ ለእርሱም ተዘምሮለት ነበር። የከነከነው የጎረቤቱ ድርሻ ነው። እኔም በሳሎኔ ተቀምጬ ያን ዘማሪ ሳቃልል ከቃሌ ውስጥ ምን ያህሉ ለቤተ ክርስቲያን መቆርቆር፣ ምን ያህሉ የሳኦል ስሌት እንደ ነበር ጌታ ያውቃል። ስለዚህ አንድን የተወደሰ ሰው ዝቅ ከማድረጋችን በፊት ልባችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

በሌላ በኩል ግን ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ሁሉ ትልቅ ነው ማለትም አይቻልም። የጀርመኗ የላይፕሲግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1722 የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ መሪ ስትፈልግ ምክር ቤቱ በመጀመሪያ የፈለገው በዘመኑ እጅግ ዝነኛ የነበረውን ቴሌማንን ነበር። እርሱ ሳይመጣ ቀረ። ቀጥሎ የታሰበው ግራውፕነርም የሚያገለግልበት መስፍን ስላልለቀቀው አልመጣም። ከዚያ በኋላ ነው ዮሐን ሴባስቲያን ባክ የተቀጠረው። ባክ በ1750 ሲሞት ከሙያው ሰዎች በቀር ሥራዎቹን የሚያስታውስ ብዙ አልነበረም። በ1829 ሜንደልሶን በማቴዎስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውን የሕማማት ድርሰቱን በርሊን ላይ ካሰማ በኋላ ነው ዓለም እንደ ገና ያወቀው። ዛሬ ባክ በዓለም ካሉት የሙዚቃ ደራሲዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠራል፤ የቴሌማንን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሰው በብዙ የቤተ ክርስቲያን ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር፤ ትርጉማቸው “ለእግዚአብሔር ብቻ ክብር” ነው። የሰው ጭብጨባ ሲዘገይበት ቅር ተሰኝቶ እንደ ሆነ አናውቅም። ክብሩን ለማን እንደ ጻፈ ግን እናውቃለን።

ስማቸውን የማናውቃቸው

ሩቅ አገር ሳንሄድ ደግሞ ወደ ራሳችን ወላይታ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን መልእክተኞች ወደ ደቡቡ አገራችን መጥተው በሶዶ አካባቢ ሥራ ጀመሩ። በ1937 የጣሊያን ወራሪ ሲያስወጣቸው በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ የመከራ ጊዜ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ተገረፉ፣ ታሰሩ። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን አማኞቹ ወደ 10,000 ገደማ ሆነው ጠበቁአቸው።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። እስቲ አሁን ከዝማሬ አንጻር እንየው። በእነዚያ ዓመታት መድረክ አልነበረም፣ ካሴት አልነበረም፣ “ታዋቂ ዘማሪ” የሚባልም አልነበረም። ማንበብ የሚችሉ ጥቂት ነበሩ። አንዱ አውጪ ሆኖ ሌላው በሚቀበልበት በአገሩ የዝማሬ ስልት፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የቃሉን ታሪክ በአፉ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከዚያም በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ ሲሄዱ መዝሙር አብሮ ተጓዘ። ከእነዚያ መዝሙሮች አውጪዎች መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን? እኔ የአንዱንም አላውቅም። መዝሙራቸው ግን ያን ሌሊት በግቢዬ ውስጥ ነበር።

ስም ያለውስ ሁሉ ተጋንኗል?

አይደለም። እንዲህ ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ስመ ጥር ሆኖ ስሙ የሚገባው ሰው አለ። ለዚህ ከጎረቤታችን ከሲዳማ ምድር የወጡት ጋሽ ተስፋዬ ጋቢሶ ይበቃሉ። በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት ታስረዋል። ዘማሪው በእስር ቤት ሳሉ መዝሙሮቻቸው ግን አልታሰሩም፤ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይደመጥ ነበር። በወላይታ ብዙ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ተዘግተው አማኞች በየቤቱና በየጫካው በሚሰበሰቡበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ዝማሬ ምን ያህል ስንቅ እንደ ነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ይመስክሩ። ጋሽ ተስፋዬ በሰባት ካሴቶች ከመቶ በላይ መዝሙሮች አሰምተዋል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ሊላ ባሊስኪም ስለ እነዚህ መዝሙሮች ተመራምረው እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል።

እንግዲህ ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት በእስር ቤት ሲዘምሩ የሚያዳምጧቸው እስረኞች ነበሩ (ሐዋ. 16፥25)። ትኬት የቆረጠ፣ ወንበር የያዘ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተፈትኖ ያለፈ መዝሙር “ተጋነነ” አይባልም። ክብር ለሚገባው ክብርን መስጠት ሐዋርያዊ ትእዛዝ ነው (ሮሜ 13፥7)።

በአፍ ማካበድ፣ በእጅ መንጠቅ

ሌላም የምንናዘዘው አለ። ዘማሪዎችን “ገንዘብ ወዳዶች” ብለን የምናማ ብዙዎች ነን። ነገር ግን አንድ ዘማሪ ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪ፣ ለሙዚቀኛ ከፍሎ ያወጣውን መዝሙር እኛ በጥቂት ብር ከአንድ ሱቅ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ አስጭነን ኖረናል። በካሴት ዘመንም አባዝተን ተቀባብለናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ስንቶቻችን መንፈሳዊ መዝሙርንም እንደሚመለከት አስበን እናውቃለን? በአፋችን ከሚገባው በላይ አወደስነው፤ በእጃችን ግን የሚገባውን ነጠቅነው። ከዚያ በኋላ ለኮንፈረንስ ስንጠራው “ለምን ይህን ያህል ጠየቀ?” እንላለን። መዝሙሩን በነጻ የወሰድንበት ሰው የሚኖረው በጉዞ ከሚያገኘው ነው። ይህ ማለት በክፍያ ክርክር አንዳንድ ዘማሪዎች አያጠፉም ማለት አይደለም። ያጠፋሉ። ጥፋቱ ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

የቤተ መቅደሱ ዕጣ

በ1ዜና 25 ላይ ደግሞ ዳዊት ስላደራጃቸው መዘምራን የተጻፈ አንድ ነገር አስደነቀኝ። የሠለጠኑት መዘምራን 288 ነበሩ። ተራቸውን የወሰኑት በምን ነበር? በዝና አይደለም፣ በድምፅ ማማርም አይደለም፤ በዕጣ ነው። ቁጥር 8 እንደሚያሳየን ታናሹ ከታላቁ፣ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እኩል ዕጣ ተጣጣለ። አሳፍ ታላቅ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ስሙ እስከ ዛሬ በመዝሙረ ዳዊት አናት ላይ ተጽፎ ይገኛል። በእግዚአብሔር ቤት ተራ የሚያዘው ግን በስም ትልቅነት አልነበረም።

ነቢዩ አሞጽም ከበድ ያለ ነገር ይናገራል (አሞጽ 6፥5-6)። በዜማ ዕቃ ጥበባቸው ዳዊትን መሰል የሆኑ፣ ስለ ወገናቸው ስብራት ግን ያልታመሙ ሰዎችን ይወቅሳል። የወቀሳው ምክንያት ሙዚቃው ማነሱ አይደለም። ለዜማ የነበራቸው ስሜት ለተሰበረው ወንድማቸው አለመኖሩ ነው። ይህን ሳነብ “ወንጌላውያኑ ልጆች አሏቸው” ያለችው እህት ድምፅ ተሰማኝ።

እንግዲህ እኔ ያገኘሁት ሚዛን ይህ ነው። አንድ መዝሙር ዘማሪው በሌለበት ይዘመራል ወይ? በለቅሶ ቤትና በሕመም አልጋ አጠገብ ይቆማል ወይ? ተዘምሮ ሲያበቃ በዓይናችን የሚቀረው ማን ነው፤ ሰውየው ነው ወይስ ጌታ? ይህን ፈተና የሚያልፍ ዘማሪ በአዲስ አበባ አዳራሽም ሊገኝ ይችላል፤ በኩሽና ጢስ መካከልም ሊገኝ ይችላል። የእኛ ችግር ለአንዱ ምስጋና ማብዛታችን ብቻ አይደለም፤ ለሌላው ጨርሶ መንፈጋችን ነው።

ምን ወሰንን?

በሳምንቱ ስንገናኝ በመጀመሪያ ስለ ተናገርኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ “እኔም ጸልዬበታለሁ፤ ልጁን ጥሩት” አሉ። ነገር ግን ሦስት ነገር ጠየቁ። የወንጌላውያኑ የዓመት ድጋፍ አስቀድሞ ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ ለእንግዳው የምንሰጠው በግልጽ ተነግሮት በኋላ እርሱም እኛም አንፈር፤ እያንዳንዱ ጉባኤ በእናቶች የወላይትኛ ዝማሬ ይከፈት። ተስማማን። አንዳንድ ወጪ ቀነስን፤ ወጣቶቹም መዋጮ ጨመሩ።

ዘማሪው መጣ። እውነቱን ልናገርና በደንብ ዘመረ። በሁለተኛው መዝሙር ላይ እኔው ራሴ አለቀስኩ። የተጋነነው የእርሱ ዝና ሳይሆን ያን ቀን በሳሎኔ ያደረግኩት ንግግር ነበር። ከዘመራቸው መዝሙሮች ብዙዎቹን ከኮንፈረንሱ በኋላ የያዘ አላየሁም፤ አንዷ ግን እስከ ዛሬ በአጥቢያችን ትዘመራለች፤ እናቶችም ያለ ኪቦርድ ይቀባበሏታል። ለአንድ ዘማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመክፈቻውን ዝማሬ የመራችው ባለቤቴ ነበረች። ያን ምሽት ለእራት ስንቀመጥ በልጆቻችን ፊት ስለዚያ ሌሊት፣ እናቴ ስላረፈችበት ሌሊት፣ አመሰገንኳት። ልጆቹ ታሪኩን ሰምተው አያውቁም ነበር። ምሳሌ 31፥28 ስለ ልባም ሴት ሲናገር ልጆችዋም ባልዋም እንደሚያመሰግኗት ይነግረናል። እኔ ጥቅሱን በሰርግ ላይ ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! በቤቴ ለመፈጸም ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ ደንገጥ ብላ፣ “ዛሬ ምን በልተሃል?” ብላ ሳቀችብኝና ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳው ግን ስታንጎራጉር ሰማኋት።

አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ። ከሩቅ የሚመጣውን ወርቅ መዳብ ነው ብለን አናቃልለው። በቤታችን ያለውንም መዳብ አናድርገው።

ለዛሬ በዚህ ላብቃ። ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኛለን።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ባለፈው ወር በስም ያመሰገናችሁት ዘማሪ ወይም ሰባኪ ማን ነው? በዚያው ወር የትዳር ጓደኛችሁን ስለ ምን አመሰገናችሁ?

2. በአጥቢያችሁ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ፣ ነገር ግን ማንም “ተባረክ” ያላለው ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ብትጠይቁትስ?

3. በቤታችሁ በኀዘን ወይም በችግር ጊዜ ያቆማችሁ መዝሙር የትኛው ነው? ለልጆቻችሁ አስተምራችኋቸዋል?